ባለ ሁለት ክፍሉ ቤት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽን እጠይቃለሁ። የምጠይቅሽ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ደህና ነኝ ብለሽ እንድታልፊውም አይደለም። እንቅልፍ ይወስድሻል ወይ? ምግብ ይበላልሻል ወይ? ያ የራስ ምታትሽ ተወሽ ወይ? ትንሿ የልጅ ልጄስ፣ ያቺ ለምን ለምን እያለች ነፍሳችንን የምታወጣው፣ ቁመቷ የት ደረሰ? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ አንዳንድ ጠዋት ይይዘኛል፤ ትንሽ ሳጉረመርምበት ደግሞ ይለቀኛል። ናፍቆቴን ልጻፈው ብል ወረቀቱ እዚሁ ስለሚያልቅ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ደብዳቤው ፋብሪካው በር ላይ እጅሽ በመግባቱ አትገረሚ። ያመጣችልሽ ልጅ የልብስ ሰፊዋ የእህት ልጅ ናት፤ እናንተው ፋብሪካ የሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። ወደ ቤት ያልላክሁት የመንገዱ ቁጥር ስለሚምታታብኝ ነው ብለሽ ያዢልኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ ደግሞ ስልክ ላይ ድምፅሽ ስለሚያንስብኝ ነው። በደወልኩ ቁጥር ደህና ነኝ፣ ደህና ነን፣ ሁሉ ደህና ትይኛለሽ፣ ሌላ ቃል ከአገር የጠፋ ይመስል። ልጠይቅሽ አፌን ስከፍት ድስት ጥጄ መጣሁ ትዪና ይዘጋል። እኔ ደግሞ የማወራሽ ብዙ ነገር አለኝ። ምሳ ሰዓት ላይ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ቤት እየሠራሁ ነው። አትሳቂ፣ የምትጽፍልሽ እናትሽ ናት እንጂ ሌላ ሰው አይደለም። ዕድሜዬን ሁሉ የሰው ወለል ስወለውል የኖርኩት ሴትዮ ዛሬ ግድግዳ እለስናለሁ። እጄ ከመሻከሩ የተነሣ ሹራብ ስለብስ ክሩን ይዞ ይቀራል። ትንሿ ብታየው ለምን እንዲህ ሆነ እያለች አታስቀምጠኝም ነበር።

ከመጋዘኑ ጀርባ ያለችውን ክፍላችንን መቼም አትረሺያትም። ዝናብ ሲመጣ ከውጭ ይልቅ ከውስጥ የሚዘንብባት፣ ፀሐይ ሲሆን ደግሞ ቆርቆሮዋ አናት የሚያፈላ። አይጦቹ ከእኛ በፊት የገቡ ነባር ተከራዮች ነበሩ፤ እኛን ነበር እንደ እንግዳ የሚያዩን። ባለፈው ዓመት የመጋዘኑ ጌታ ቦታ ስለጠበበው ክፍሏን እፈልጋታለሁ አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ንብረቱ ነው፤ ሌላ ቤት እስካገኝም ታግሦኛል። እኔም ሌላ የሚከራይ ፍለጋ መንደሩን ከዳር እዳር ዞርኩት። ገጠር ነው፣ ዓይን እስከሚያይ ድረስ ሜዳ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበት የሚከራይ ክፍል የለም። ያላቸው ለራሳቸው ነው የሠሩት፣ የሌለን ደግሞ የሰው ጓሮ ውስጥ ነን።

ልጆቻችን የሚሄዱት መንደሩን ጠልተው ይመስለን ነበር። የአናፂው ልጆች የሄዱት አባታቸው ቤት ሦስተኛ አልጋ ስለማይገባ ነው። ለትምህርት ቤቱ አዲስ አስተማሪ በተላከ ቁጥር ማደሪያ አጥቶ በሳምንቱ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይመለሳል። አንቺም ያኔ በዚያ ዕድሜሽ ለማግባት የቸኮልሽው ፍቅር ብቻ ገፍቶሽ አልነበረም። በአንድ ክፍል መጋረጃ ጋርደን ነበር የምንተኛው፤ አንቺ ስትገላበጪ እኔ እነቃ ነበር። የራስሽ በር ቢኖርሽ ኖሮ ትንሽ ቆም ብለሽ ታስቢ ነበር ብዬ አሁን አሁን አስባለሁ።

እንግዲህ የመኖሪያ ቤት ማኅበሩ የተቋቋመው በዚህ መሃል ነው። ሊቀመንበሩ ያ ሒሳብ ያስተማረሽ መምህር ነው፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ይደር ነበር የምትሉት፣ ዛሬም ይደር ነው። የትኛውንም ጉዳይ ስታቀርቢለት መነጽሩን አውልቆ ይጠርግና ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር ይላል። እሱ በሚመራው ማኅበር መሠረት መቆፈሩ ራሱ ተአምር ነው። ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለውን ድንጋያማ ሜዳ አስተዳደሩ ሰጠን፣ ብሎኬቱን ከወንዙ ባወጣነው አሸዋ እኛው አመረትነው። ጉልበታችን እንደ ክፍያ ይቆጠራል፤ የቀረውን በየወሩ የምንከፍለው ለመጋዘኑ ጌታ ከምከፍለው አይበልጥም። እኔን ማን ያስገባኛል ብዬ ነበር፤ ባል የለኝ፣ ጉልበቴ ያለቀ። አስገቡኝ። አንድ ሁለቱ ሴትዮዋ ብሎኬቱን ትሸከማለች ወይስ ብሎኬቱ እሷን ብለው አፌዙብኝ። አሁን ልስኑ እንዲያምር ሲፈለግ የሚጠሩት እኔን ነው። ጉራ ካልሽው ጉራ ነው።

ደንባችን ግን ጉደኛ ነው። ማንም የራሱን ቤት አይሠራም። ቤቶቹ ሁሉ ጣሪያ እስኪለብሱ ድረስ የትኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ከዚያ በኋላ በዕጣ እንከፋፈላለን። የመጨረሻው ቤት በር ሳይገጠምለትም ማንም አልጋውን ይዞ አይገባም። እንዲህ ከሆነ ማንም በማንም ቤት ላይ ሲሚንቶ አይሰስትም ተብሎ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ሰው ግን ሰው ነውና ሁላችንም በሆዳችን አንዳንድ ቤት መርጠን ቁጭ አልን። ዳቦ ጋጋሪው መንገድ ዳር ያለችውን ለራሱ አጭቶ ወለሏ እንዳይሰነጠቅ ጠዋት ማታ ውሃ ያጠጣታል፤ የጎረቤቷ ወለል ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ግን ዞር ብሎም አያይ። እኔም አልዋሽሽም፣ ዛፉ ሥር ያለችውን መርጬ ነበር። ለእሷ አሸዋውን ሁለቴ ነፋሁላት፤ ልስኗንም እንደ ሕፃን ገላ አለሰለስኩት። ሁሉም የየራሱን እንዲህ ሲያቆላምጥ ማንም ያልመረጣቸው ቤቶች እናት የሌላቸው መሰሉ።

ይህን የደረሰችበት መሐንዲሷ ናት። በአንቺ ዕድሜ ያለች ለጋ ልጅ ናት፣ ስትናገር ድምፅዋ አይሰማም፤ ግን የግድግዳ ቀጥታ የምትለካበትን ውሃ ልኳን ይዛ ወደለሰንሽው ግድግዳ ስትመጣ፣ ገና ሳትለካው መፋቂያ ታነሺያለሽ። ስሟም ውሃ ልክ ሆኖ ቀረ። አንድ ጠዋት ሁላችንን ሰብስባ ማንም ያልመረጣቸውን ቤቶች አዟዙራ አሳየችንና ይህ ቤት ለአንዳችሁ ይደርሳል፣ ለማን እንደሆነ እኔም አላውቅም አለች። አንገታችንን ደፋን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እንደ ካርታ ትበውዘን ጀመር፤ ከማን ጋር የትኛው ቤት ላይ እንደምንውል እስክትጠራን ድረስ አናውቅም።

በዚህ ብወዛ ነው እኔን ከልብስ ሰፊዋ ጋር አንድ ባሬላ ያስያዘችን። ሴትዮዋን ታውቂያታለሽ። በልብስ ማስጫ ገመድ የተጣላነው አንቺ ትምህርት ቤት ሳለሽ ነው፣ ዩኒፎርምሽ ጭቃ ላይ የወደቀ ዕለት። ገመዱን ቆረጥሽ አላልኳትም፤ ገመድ ራሱን አይቆርጥም ብቻ ነው ያልኩት። ከዚያ ወዲህ እሳትና ጭድ ሆነን ኖርን። ባሬላ ደግሞ ለሁለት ካልያዙት የማይሄድ ነገር ነው፤ የተቦካው ሲሚንቶ መሃሉ ላይ ይሆንና አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ እጀታውን ይይዛል። እሷ ሆን ብላ ትፈጥናለች፣ እኔ ሆን ብዬ እጎተታለሁ፣ ሲሚንቶው መንገድ ላይ ይቀራል። ውሃ ልክ አንድ ቀን ጠርታን ቤት ሥሩልኝ አልኩ እንጂ መንገድ አንጥፉልኝ አላልኳችሁም ብላን ሄደች።

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ክር ልትገዛ ወደ እናንተ ከተማ ሄደች። የእህቷ ልጅ ሰፈርሽን አሳይታት ጎራ ብላ እንደጠየቀችሽ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ምን ቆርጧት የልጄን ደጅ ትረግጣለች ብዬ በገንኩ። ስትመለስ ምን እንደምላት ሁሉ አዘጋጅቼ ጠበቅኋት።

ተመልሳ የመጣች ዕለት ባሬላውን ልናነሣ ስንል ከባዱን ጎን፣ የኋላውን፣ እሷ ያዘችው። አልፈጠነችም። በእኔ እርምጃ ልክ ሄደች፣ አንድ ጠብታ ሲሚንቶ ሳይፈስ ደረስን። ከሰዓት በኋላ በራሷ ጣሳ ውሃ አመጣችልኝ። በማግስቱ ደግሞ ወገብሽ ከሆነ አንቺ ጥላ ሥር ሁኚ፣ የአንቺንም እኔ እሠራዋለሁ አለችኝ። ልጄ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ስድቧን ለምጄው ነበር፤ ደግነቷ ግን ልቤን ወለቅ አደረገው። ይህች ሴት እንዲህ የምታዝንልኝ ምን ብታይ ነው አልኩ በልቤ።

የልስን ማንኪያዬን አስቀመጥኩና ልጄን እንዴት አገኘሻት አልኳት። ደህና ናቸው አለችኝ፤ ልክ አንቺ በስልክ እንደምትዪው አድርጋ። ሳልንቀሳቀስ ስጠብቃት እየቆራረጠች ነገረችኝ። አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪጠጣ ያህል ተቀምጣ እንደነበር፣ በዚያ ሙቀት አንገትሽን በሻርፕ እስከ አገጭሽ ድረስ ጠቅልለሽ እንዳገኘችሽ ነገረችኝ። ትንሿ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ አንድም ለምን አልጠየቀቻትም አለችኝ። ያቺ ልጅ፣ የዝንብ እግር ለምን ቀጠነ ብላ ግማሽ ቀን ስታደርቀኝ የዋለች ልጅ። ከውጭ የሰው ኮቴ ሲሰማ ደግሞ ማንም ሳያዛት ተነሥታ ጫማዋን አደረገች አለችኝ። ከዚህ በላይ አልነገረችኝም፣ እኔም ከዚህ በላይ አልጠየቅኋትም። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ሆድ ይፍጀው ይላል፤ የእኔ ሆድ ግን አልፈጀው አለ።

የዚያን ዕለት የለሰንኩት ግድግዳ ሆዱ ተነፍቶ ወጣ። ውሃ ልክ መጣች፣ መለኪያዋን ለጠፈችበት፣ ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ እኔ አየች። አፍርሺው ሳትለኝ ልብስ ሰፊዋ መፋቂያውን አንሥታ ትፍቀው ጀመር፤ ይህ የእኔ ሥራ ነው፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት አለቻት። ውሸቷን ነበር። ሁለታችን እንደገና ለሰንነው። እንባዬ ሲወርድ ሲሚንቶ ዓይኔ ገባ አልኩ፤ እሷም አዎ፣ ሲሚንቶው ዛሬ ክፉ ነው አለች።

አሁን የምነግርሽን ስሚኝና ከዚያ ልትቆጪኝ ትችያለሽ። ቤቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ብዙዎቹ ባለ አንድ ክፍል ናቸው፣ ለብቸኛ ሰው ወይም ለባልና ሚስት። ጥቂቶቹ ባለ ሁለት ክፍል ናቸው፣ ልጅ ላላቸው። እኔ ከመጀመሪያው ብቸኛ ተብዬ ባለ አንድ ክፍል ነበር የተመደበልኝ፣ ትክክልም ነበር። ከዕጣው በፊት ግን ይደር ስብሰባ ጠርቶ እያንዳንዳችንን እያስነሣ ቤቱ ውስጥ ከማን ጋር ነው የምትኖረው እያለ ይጠይቅ ጀመር። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁና ሦስት ነን አልኩ። እኔ፣ ልጄና የልጅ ልጄ። ቀድሜ አስቤበት አልነበረም፤ አፌ ቀደመኝ። አንቺን ሳልጠይቅ፣ መንደሩ ሁሉ በተቀመጠበት አልኩት።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ተነሣ። ሰውየው እውነቱን ነው፤ ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር በር ላይ ባለችው የጥበቃ ክፍል ነው የሚኖሩት፣ ባለ ሁለት ክፍሎቹ ደግሞ ለሁሉም ባለ ልጅ አይበቁም። ሳይቆጣ ነው የተናገረው። እትዬ፣ ልጅሽ ከተማ ባልና ቤት እንዳላት ሁላችንም እናውቃለን፣ ይህ ከየት መጣ አለኝ። ምን ልበለው? ቆሜ ቀረሁ።

ልብስ ሰፊዋ ናት ያዳነችኝ። ከኋላ ተነሥታ ልጇ ልትመጣ እንደሆነ እኔ ራሴ ከአፏ ሰምቻለሁ፣ ሁለተኛው የስፌት መኪናዬ ሰው አጥቶ አቧራ ለብሷል፣ ከእኔ ጋር ልትሠራ ተስማምተናል ብላ ቁጭ አለች። እንዲህ ብለሻት እንደሆነ አላውቅም። ብለሻት ከሆነ ደስ ይለኛል። ካላልሻትም ይህች ሴት ለእኔ ብላ በሰው ፊት ዋሸች ማለት ነው፣ ይህንንም አልረሳላትም። የስፌት መኪናው ግን እውነት ነው፣ ሄጄ አይቼዋለሁ። አቧራውንም ጠርጋዋለች።

ሁላችንም ይደር እንዲል ጠበቅን። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ዕድሜ ልኩን ሲያሳድር የኖረ ሰው ያን ቀን ቆረጠ። ቁልፍ በሚሰጥበት ቀን ስማቸው የተጠራ ሦስቱም በሩ ላይ ቆመው ይታዩ፤ ያልመጣ ካለ ግን ቤቱ ለዘበኛው ቤተሰብ ይሆናል፣ እሷም ባለ አንድ ክፍል ትወስዳለች አለ። ሲወጣ አጠገቤ ደርሶ ያቺ ልጅ ማካፈል ላይ ጎበዝ ነበረች ብሎኝ አለፈ።

የዘበኛው ሚስት በርሜሉ ጋ እጄን ስታጠብ መጣች። ልትጣላኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። ልጅሽ የምትመጣው እኔ በማስበው ነገር ከሆነ ቤቱ ለእሷ ይሁን፣ እኛ ቀጣዩን ዙር እንጠብቃለን አለችኝ። ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ልጆቿ አንድ ፍራሽ ላይ እግርና ራስ ሆነው ነው የሚተኙት። ስለዚህ ክፍሉን ባዶውን ታቅፌ ልቀመጥበት አልችልም፣ ኅሊናዬም አይፈቅድልኝም። የማትመጪ ከሆነ ቁልፉን በደስታ ነው የምሰጣቸው፤ አንቺም በዚህ እንዳትጨነቂ። ይህን የምነግርሽ ልገፋሽ አይደለም። በር መኖሩን ሳታውቂ ጊዜው እንዳያልፍብሽ ነው።

ዕጣው ወጥቷል። ሳቂ አሁን፤ ያ ዛፉ ሥር ያለው፣ እንደ ሕፃን ገላ ያለሰለስኩት ቤት ለልብስ ሰፊዋ ደረሳት። ግድግዳውን እየደባበሰች እጅሽ ይባረክ ስትለኝ ሳቅ ገደለኝ። ዳቦ ጋጋሪው ያ ውሃ ነፍጎት ወለሉ የተሰነጠቀው የጎረቤት ቤት ደርሶት አሁን ስንጥቁን እየቆጠረ ነው። ለእኔ የደረሰኝ ውሃ ቧንቧው አጠገብ ያለው የመጨረሻው ቤት ነው። ዋናው በር ወደ ፀሐይ መውጫ ይከፈታል። አንደኛው ክፍል የእኔ ነው፣ አልጋዬና የማብሰያ ቦታው እዚያ ናቸው። ሁለተኛው ክፍል ሰፋ ይላል፤ መስኮቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው፣ ትንሿ ልጆቹ ሲጫወቱ ማየት ትችላለች። ወደ ጓሮ የሚወጣ የራሱ በር አለው። በሩ በፕላኑ ላይ መቀርቀሪያ አልነበረውም። አናፂውን ከውስጥ መቀርቀሪያ አድርግልኝ አልኩት። በዚህ መንደር ማን ሌባ አለ ብሎ ሳቀብኝ። ውሃ ልክ ቆማ ትሰማ ነበርና ሳትጠይቀኝ ወፍራሙን አድርግላት አለችው። አደረገው። እኔ ገብቼ ዘግቼ፣ ልብስ ሰፊዋን ከውጭ ትከሻሽን ሰጥተሽ ግፊው ብዬ አየሁት። አልነቃነቀችውም።

ሰው ምን ይላል ትዪ ይሆናል። ሰው ይላል። ሳምንት ያህል ያወራል፤ ከዚያ የዳቦ ጋጋሪው ወለል ወሬ ያሸንፈዋል። እኔ እንደሆንኩ ማንም አፍ ቢከፍትብሽ መልስ ሳጣ አይተሽኝ አታውቂም፤ አሁን ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ከእኔ ጋር ናት፣ የእሷን ምላስ ታውቂዋለሽ። ደግሞ ስሚኝ፣ እንደ እንግዳ አይደለም የምትመጪው። እናቴ ላይ ሸክም እሆናለሁ የሚለውን ተዪው። ያንን ክፍል በአሸዋውም በብሎኬቱም የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ አትከብጂኝም።

በእርግጥ ፈርቻለሁ። ይህን ጽፌ አንቺ ዝም ብትዪኝስ እላለሁ። ስልክ ስደውል እንደገና ደህና ነን ብትዪኝስ እላለሁ። ያኔም ቢሆን ደህና ነን ማለትሽን አምኜ እንደማልቀመጥ እንድታውቂ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ።

ቁልፍ የሚሰጠው የዚህ ወር የመጨረሻው ቅዳሜ ነው። ከፋብሪካችሁ ፊት ለፊት ካለው የነዳጅ ማደያ ዓርብ ዓርብ ጠዋት ወደዚህ የሚመጣ አውቶቡስ አለ። ወደ ሥራ ስትወጪ እንደምትወጪው ነው መውጣት፤ ትንሿንም ሐኪም ቤት አደርሳታለሁ ማለት ይቻላል። ሾፌሩ የእኛው መንደር ሰው ነው። ከጀርባህ ያሉትን ወንበሮች ያዝልኝ አልኩት። ስንት ሲለኝ ሁለት አልኩት። አባወራውስ አለኝ። ሁለት አልኩት። ዕቃቸው ብዙ ከሆነ ጣሪያው ላይ ቦታ ልተውላቸው አለኝ። ዕቃ የላቸውም አልኩት። እንግዲያው ቢዘገዩም ሞተሩን አስነሥቼ እጠብቃቸዋለሁ፣ ተሳፋሪው ቢጮህም ይጩህ አለኝ።

በዚያ ዓርብ ባይሆንልሽ የሚቀጥለው ዓርብ አለ፤ ከእሱም በኋላ ሌላ ዓርብ አለ። የቁልፉ ቀን ቢያልፍም ወንበሮቹ አሉ፣ እኔም አለሁ። ባለ አንድ ክፍሉም ቢሆን ሦስት ሰው ያስተኛል። አንቺና ልጅሽ አልጋው ላይ፣ እኔ ታች። መጋረጃ አንጋርድም።

ይህን ወረቀት ካነበብሽው በኋላ ወደ ቤት ይዘሽው እንዳትሄጂ፤ ላመጣችልሽ ልጅ መልሺላት።

አምላክ ከክፉ ነገርና ከክፉ እጅ ይሰውርሽ። መውጫሽን ያቅናልሽ፣ መንገድሽን ቀና ያድርግልሽ፣ ደጄ ላይ በእግርሽ ቆመሽ ያሳየኝ። ትንሿን ዓይኗን፣ ግንባሯን፣ እጇን ሳሚልኝ፤ የጠየቀችውን ሁሉ አያትሽ ትመልስልሻለች በያት። እዚያ ቤት ሌላ ሰላም በይልኝ የምለው ሰው የለኝም።

እናትሽ